ወደ ክሳቸው የተመለሱት ጠበቃ፤ የቢሽዌሽዋር ፕራሳድ ኮይራላ ሕይወት

በሂማላያ ተራሮች ሥር፣ በሕንድና በቻይና መካከል የምትገኘውን ኔፓልን ከ1846 ዓ.ም. አንሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ የገዟት በዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ነገሥታት አልነበሩም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ንጉሡ ከቤተ መንግሥታቸው ሳይወጡ እንደ አምላክ እየተሰገደላቸው ሲኖሩ፣ ሥልጣኑን በእጃቸው ያደረጉት ራናዎች የሚባሉት መሳፍንት ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትርነት በነርሱ ዘንድ ሹመት መሆኑ ቀርቶ ከወንድም ወደ ወንድም የሚተላለፍ የቤተሰብ ርስት ሆኖ ነበር። የሕዝብ ምክር ቤት የለም፤ ከሹሙ ፈቃድ ውጭ የሚፈርድ ዳኛም የለም። በ1854 የወጣውና ሙሉኪ አይን የሚባለው የአገሪቱ የሕግ መጽሐፍ ራሱ፣ አንዱን ጥፋት እንደ አጥፊው የትውልድ ማዕረግ ከፍታና ዝቅታ በተለያየ ቅጣት የሚመዝን ነበር።

እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ሕግን ሙያቸው፣ የሕግን የበላይነት ደግሞ የዕድሜ ልክ ሙግታቸው ያደረጉት ሰው ቢሽዌሽዋር ፕራሳድ ኮይራላ ናቸው። በሕዝብ ምርጫ ለሥልጣን የበቁ የመጀመሪያው የኔፓል ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆኑም፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት አሥራ ስምንት ወር ብቻ ነው። በእስርና በስደት ያሳለፉት ዘመን ግን፣ የልጅነት ስደታቸው ሳይቈጠር እንኳ፣ ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋል። ስለዚህም ታሪካቸው የአንድ ባለሥልጣን ታሪክ ከመሆን ይልቅ የአንድ ተቃዋሚ ታሪክ ነው።

የሙግቱ መነሻ አንድ የእራፊ ጨርቅ ጥቅል ነው። አባታቸው ክሪሽና ፕራሳድ ኮይራላ በደቡብ ምሥራቅ ኔፓል በምትገኘው በቢራትናገር የሚኖሩ ባለጸጋ ነጋዴ ነበሩ። ከተራራው አገር ችግር እየገፋቸው ወደ ቈላው ሜዳ የሚወርዱትን ገበሬዎች ባዩ ቍጥር ልባቸው ይደማ ስለ ነበር፣ ከነዚህ ድኾች ገላ ላይ የወለቀውን ቡትቶ አስጠቅልለው በዘመኑ ለነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ለቻንድራ ሻምሸር ላኩላቸው። ጌታው እርሳቸው የሚለብሱትን ሐርና ጌጥ ሕዝባቸው ከሚለብሰው ጋር እንዲያስተያዩት ማሰባቸው ነበር። ጥቅሉ ግን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ድፍረት ተቈጠረ። ሀብታቸው ተወረሰ፤ እርሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሕንድ ተሰደዱ። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1914 በቫራናሲ የተወለዱት ቢሽዌሽዋር በዚያ ጊዜ ገና ጡት የጣሉ ሕፃን ነበሩ። የባለጸጋ ልጅ ሆነው ተወልደው የስደተኛ ልጅ ሆነው አደጉ። አባትየው ቻንድራ ሻምሸር ከሞቱ በኋላ ወደ አገራቸው ለመመለስ ቢፈቀድላቸውም፣ ኋላ እንደገና ታስረው በራናዎቹ ወህኒ ቤት ውስጥ ሕይወታቸው ዐልፏል። ልጃቸው ከራናዎች ጋር የነበራቸው ክርክር ከመጽሐፍ የተገኘ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ትምህርታቸውን በቫራናሲና በካልካታ ተከታትለው በ1934 በኤኮኖሚና በፖለቲካ ሳይንስ፣ በ1937 ደግሞ ከካልካታ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ከዚያም በዳርጂሊንግ የጥብቅና ሥራ ጀመሩ። ሻይ የሚበቅልባት ይህች ደጋ ከተማ ኔፓልኛ ተናጋሪዎች የበዙባት ስለ ነበረች፣ ወጣቱ ጠበቃ በውጭ አገር ተቀምጠውም ከወገናቸው አልራቁም። ከሕግ ሥራቸው ጎን ለጎን የሥነ ጽሑፍ ፍቅር ነበራቸው፤ ቻንድራባዳን የተሰኘው አጭር ልብ ወለዳቸው ሻራዳ በተባለው የኔፓልኛ መጽሔት የወጣው በ1935 ነው። የሰውን ውስጣዊ ስሜት፣ በተለይም ኅብረተሰቡ በይሉኝታ ሸፍኖ የሚያልፈውን የወንድና የሴት ፍላጎት እየመረመሩ በመጻፋቸው በኔፓል ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አዲስ መንገድ እንደ ከፈቱ ይነገርላቸዋል። ፖለቲካ ባይገባባቸው ኖሮ ስማቸው በደራሲነት ብቻ ይጠራ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህ ከግምት ያለፈ አይደለም።

ከእስር ቤት ጋር የተዋወቁት ገና በተማሪነታቸው ነው። በ1930 የእንግሊዝ መንግሥት ከታላቅ ወንድማቸው ከማትሪካ ፕራሳድ ጋር፣ ከዐመፀኞች ጋር ግንኙነት አላችሁ በሚል ጥርጣሬ አስሮ ከሦስት ወር በኋላ ለቀቃቸው። ኋላም የሕንድን ብሔራዊ ኮንግረስ ተቀላቅለው ከሶሻሊስቶቹ ከጃያፕራካሽ ናራያንና ከራም ማኖሃር ሎሂያ ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። በ1942 ጋንዲ እንግሊዞች ከሕንድ እንዲወጡ ባወጁት እንቅስቃሴ ምክንያት እንደገና ታስረው ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። ይህ የሰው አገር ትግል አልነበረም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለኮይራላ ግን የራናዎች አገዛዝ የቆመው በእንግሊዞች ድጋፍ ስለ ነበረ፣ የሕንድ ነጻነት ለኔፓል ነጻነት በር መክፈቻ ነበር።

በሩ ሊከፈት ሲል በጃንዋሪ 1947 በካልካታ የኔፓል ብሔራዊ ኮንግረስ ተቋቋመ። መሥራቾቹ ለሊቀ መንበርነት የመረጡት በካትማንዱ ወህኒ ቤት ታስረው የነበሩትን ታንካ ፕራሳድ አቻርያን ነው። ኮይራላ ተጠባባቂ ሆነው ሥራውን መሩ። በዚያው ዓመት በማርች ወር በቢራትናገር የጁት ፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርጉ፣ ኮይራላና ወንድሞቻቸው ከሠራተኞቹ ጋር ቆመው ተያዙ። እስረኞቹም ተራራና ሸለቆ እያቋረጡ በእግራቸው እስከ ካትማንዱ ተነዱ። ይህ የጭካኔ ጉዞ ለአገዛዙ አልበጀውም፤ በየመንደሩ የሚያልፉትን እስረኞች ለማየት የወጣው ገበሬ፣ ጌቶቹን የሚቃወም ሰው በአገሩ መኖሩን ያወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ጋንዲ ስለ እርሳቸው አቤት ካሉ በኋላ በኦገስት ተለቀቁ።

በተከታዩ ዓመት በስውር ካትማንዱ ገብተው እንደገና ተያዙ። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ዳኛም አላያቸውም። በ1949 ከምግብ ተከልክለው ወደ አራት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ቆዩና ሕይወታቸው ለአደጋ ሲቃረብ ተፈቱ። ገላን እንደ ማስረጃ አድርጎ የማቅረብ ይህ ዘዴ ከጋንዲ የተማሩት ነው። ራናዎች ግን እንደ እንግሊዞች የሚታዘባቸው የጋዜጣ አንባቢ ሕዝብ አልነበረባቸውምና፣ ኮይራላ የሰላማዊ ትግል ልክ የት ድረስ እንደ ሆነ መጠየቅ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በ1950 ፓርቲያቸው ከራናዎች ቤተሰብ ተገፍተው ከወጡት ከሱባርና ሻምሸር ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ኔፓሊ ኮንግረስ ተባለ፤ የጦር መሣሪያም አነሣ። በኖቬምበር ወር ንጉሥ ትሪቡቫን በካትማንዱ ወደሚገኘው የሕንድ ኤምባሲ ገብተው ተጠጉ፤ ወደ ኒው ደልሂም በረሩ። ራናዎቹ ተደናግጠው የሦስት ዓመት ሕፃን የሆኑትን የልጅ ልጃቸውን ጋኔንድራን በዙፋኑ ላይ ቢያስቀምጡም፣ በየጠረፉ የተነሣውን ዐመፅ ሊገቱት አልቻሉም። ነገሩ የተቋጨው ግን በጦር ሜዳ አይደለም፤ በሕንድ አደራዳሪነት በደልሂ ነው። በስምምነቱ መሠረት በፌብሩዋሪ 1951 ንጉሡ ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ፤ ራናዎችና ኮንግረሶች እኩል የሚካፈሉበት መንግሥት ቆመ። ኮይራላ በዚህ ዕርቅ ልባቸው አልረካም፤ ይሁንና የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው ገቡበት። አባታቸውን ያሰረው ቤተሰብ አለቃ ሞሐን ሻምሸር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የታሳሪው ልጅ የፖሊስ አዛዥ ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እሳትና ጭድ እንዲህ አንድ ላይ ብዙ ሊቆይ አይችልም፤ አልቆየምም። በኖቬምበር የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ፖሊስ ተኵሶ አንድ ተማሪ ሲገደል፣ ለፖሊስ ኀላፊ የነበሩት ኮይራላ ነበሩና ተጠያቂነቱ በእርሳቸው ላይ ወደቀ፤ ጥምር መንግሥቱም ፈረሰ። በዕድሜያቸው ሁሉ የአሳሪን ክንድ የከሰሱ ሰው፣ በእጃቸው ያለው ሥልጣን ደም እንዳፈሰሰ ያዩበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው።

ንጉሡ ቀጥለው ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን የሰጡት ለቢሽዌሽዋር ሳይሆን ለወንድማቸው ለማትሪካ ፕራሳድ ነው። ፓርቲውም ወንድማማቾቹም ተከፋፈሉ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሰባት ዓመታት መንግሥታት እንደ ልብስ የተቀያየሩባቸው፣ ተስፋ የተሰጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫም ከዓመት ወደ ዓመት የተገፋባቸው ስለ ሆኑ ብዙ የሚነገርላቸው የለም። በ1955 ትሪቡቫን ሞተው ልጃቸው ማሄንድራ ነገሡ። አዲሱ ንጉሥ በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤ ሕገ መንግሥት ያውጣ የሚለውን የ1951 ቃል ትተው፣ በእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ በሰር አይቮር ጄኒንግስ ምክር የተዘጋጀውን ሕገ መንግሥት በ1959 በራሳቸው ፈቃድ ሰጡ። የሕግ ባለሙያ ልዩነቱን ወዲያው ያስተውለዋል። ሕዝብ ያወጣው ሕገ መንግሥት ንጉሡን ያስራል፤ ንጉሥ የሰጠው ሕገ መንግሥት ግን ሰጪው መልሶ የሚወስድበትን ቀዳዳ ይዞ ይወለዳል። ቀዳዳው አንቀጽ 55 ነበር፤ በአስቸኳይ ጊዜ የምክር ቤቱንም ሆነ የሌሎቹን የመንግሥት አካላት ሥልጣን ንጉሡ ጠቅልለው እንዲይዙ ይፈቅድላቸዋል። ኮይራላ ይህን ሳያነቡት አልቀሩም። ጉድለት ያለበት ሕገ መንግሥት ከነጭራሹ ሕገ መንግሥት ካለመኖር ይሻላል ብለው ወደ ምርጫው ገቡ።

ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 1959 ጀምሮ በተካሄደው በዚህ የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫ ኔፓሊ ኮንግረስ ከ109 የምክር ቤት መቀመጫዎች 74ቱን አገኘ። ኮይራላ በሜይ 27 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በአሥራ ስምንቱ ወር ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ቢርታ የሚባለውን የመሬት ሥሪት በሕግ መሻራቸው ነው። ቢርታ የአገዛዙ ባለሟሎች ግብር ሳይከፍሉበት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያወርሱት ስጦታ መሬት ሲሆን፣ ራናዎች በወደቁበት ዘመን ከአገሪቱ የእርሻና የደን መሬት ወደ ሲሶው የሚጠጋው በዚህ ዓይነት ተይዞ ነበር፤ አብዛኛውም የራናዎቹ የራሳቸው ነው። ይህን የነካ መንግሥት ጠላቶቹን በአንድ ቀን አስነሣ። ባለመሬቶቹ፣ የቤተ መንግሥቱ ሰዎችና በምርጫው የተሸነፉት ወገኖች በአንድ ድምፅ ጮኹ። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ፣ ኮይራላ ሥልጣናቸውን ያጡት በደከሙበት ነገር ሳይሆን በበረቱበት ነገር ነው ማለት ይቻላል።

በውጭ ጉዳይ ረገድ የትንሽ አገር መሪ ምን ያህል ጠንቃቃ መሆን እንዳለበት ዐውቀው ሠሩ። በማርች 1960 ወደ ፔኪንግ ሄደው ስለ ወሰን ስምምነት ተፈራረሙ። የዓለም ከፍተኛው ተራራ የማን ነው የሚለው ክርክር በተነሣ ጊዜም የአገራቸውን ጥያቄ ለጎረቤት ይሉኝታ አሳልፈው አልሰጡም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከሕንድ ጋር የንግድና የመተላለፊያ ውል ተፈረመ፤ የባሕር በር ለሌላት አገር ይህ የጉሮሮ ጉዳይ ነበር። ሌሎቹ የደቡብ እስያ መንግሥታት ከእስራኤል ጋር ሙሉ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ለማድረግ ሲያመነቱ፣ የኮይራላ መንግሥት በ1960 ግንኙነቱን መሠረተ፤ እርሳቸውም ራሳቸው አገሪቱን ጐበኙ።

በዲሴምበር 15 ቀን 1960 ቀትር ላይ፣ ኮይራላ በካትማንዱ በፓርቲያቸው የወጣቶች ስብሰባ ላይ ሳሉ ወታደሮች ደርሰው ያዟቸው። ንጉሥ ማሄንድራ አንቀጽ 55ን ጠቅሰው ምክር ቤቱን በተኑ፤ ሚኒስትሮቹ ታሰሩ። ሱባርና ሻምሸር በዚያን ዕለት ካልካታ ስለ ነበሩ አመለጡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፓርቲዎች ሁሉ ታገዱ፤ በ1962ም ፓርቲ የሌለበት፣ ፓንቻያት የሚባል የጉባኤ ሥርዓት ታወጀ።

ኮይራላ ከባልንጀራቸው ከጋኔሽ ማን ሲንግና ከሌሎች ጋር የተወሰዱት ከካትማንዱ ሸለቆ ጫፍ ላይ ወዳለው ወደ ሱንዳሪጃል የጦር ሰፈር ነው። በዚያም ስምንት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ የክስ ማመልከቻ አልተጻፈባቸውም፤ ምስክር አልተሰማባቸውም፤ ፍርድ አልተሰጠባቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው በምን ወንጀል እንደ ታሰረ የሚጠይቅበት ችሎት አልነበረውም። አንድ ሰው የተፈረደበት እስራት ቢያንስ ማለቂያው የታወቀ ነው፤ ያልተፈረደበት ግን የሚያበቃው አሳሪው ሲበቃው ብቻ ነው። እስረኞቹ በጋና ክረምት፣ ሰኔና ታኅሣሥ እየቈጠሩ ሲኖሩ፣ ውጭ የቀሩት ባለቤታቸው ሱሺላና ልጆቻቸው የሚያዩዋቸው ሲፈቀድላቸው ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ በሱንዳሪጃል ያለፈው ጊዜ እንዲሁ የባከነ አይደለም። የኮይራላ የልብ ወለድ ሥራዎች የበሰሉት በዚያ ነው። ከመፈታታቸው ወዲህ በየተራ የታተሙት ቲን ጉምቲ፣ ናሬንድራ ዳይና ሱምኒማ የእስር ቤቱ ፍሬዎች ናቸው። ሱምኒማ የብራህማን ወገን የሆነ ወጣትንና የተራራ ተወላጅ የሆነች የኪራት ልጃገረድን ይዞ፣ ሥጋን በሚንቅ ሃይማኖተኝነትና ሕይወትን እንዳለ በሚቀበል ባህል መካከል ያለውን ግጭት ያሳያል። በፖለቲካ ምክንያት የታሰረ ሰው በእስር ቤት ተቀምጦ ስለ ፖለቲካ አለመጻፉ አንዳንዱን ያስገርም ይሆናል። ስለ ፖለቲካ የጻፉት በየቀኑ ማስታወሻቸው ውስጥ ነው፤ ይህም ከሞቱ በኋላ ለኅትመት በቃ። በልብ ወለዳቸው ውስጥ ግን ንጉሥ ማሄንድራን አላስገቡም። ምናልባት ንጉሡ ሊያስሩት ያልቻሉት አንድ ክፍል በውስጣቸው እንዲቀር ፈልገው ይሆናል።

በኦክቶበር 30 ቀን 1968 ኮይራላና ጋኔሽ ማን ሲንግ ተፈቱ። ከመፈታታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በስደት የነበሩት ሱባርና ሻምሸር ከንጉሡ ጋር ለመተባበር ዝግጁ መሆናቸውን አስታውቀው ነበር። ኮይራላ ግን የተፈቱበትን ውለታ በዝምታ ለመክፈል አልፈቀዱም። በአገር ውስጥ መናገር እንደማይቻል ባዩ ጊዜ ወደ ሕንድ ተሻግረው ሰባት ዓመት ያህል በስደት ቆዩ። በሕይወታቸው ውስጥ ለመከላከል የሚያዳግተው ዘመን ይህ ነው። ሱባርና ከሕንድ ጠረፍ ያካሄዱት የ1961 እና የ1962 የትጥቅ ትግል ሕንድና ቻይና ሲዋጉ ቆሞ እንደ ነበረ እያወቁ፣ ያንኑ መንገድ እንደገና ሞከሩት። በጁን 1973 የፓርቲው ወጣቶች ከቢራትናገር ወደ ካትማንዱ ይበር የነበረ አነስተኛ አይሮፕላን ጠልፈው በሕንድ ድንበር ፎርብስጋንጅ አሳረፉና ይጓጓዝ የነበረውን የባንክ ገንዘብ፣ ሦስት ሚሊዮን የሕንድ ሩፒ፣ ለመሣሪያ መግዣ ወሰዱ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። የጠለፋው ዋና አስተባባሪ የቢሽዌሽዋር ታናሽ ወንድም ጊሪጃ ፕራሳድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተሞከሩት ጥቃቶችም በየቦታው ከሸፉ፤ ወጣቶች ሞቱ፤ ከተያዙት መካከል ሁለቱ በ1979 በሞት ተቀጡ። በሕግ ስም የሚከራከር ጠበቃ የተጠለፈ አይሮፕላን ገንዘብ ሲቀበል የሕግ ተከራካሪነቱን እንደሚያጎድፈው ኮይራላ ሳይገነዘቡት አልቀሩም። ሰላማዊው በር ሁሉ ተዘግቶብኛል የሚለው ምክንያታቸው እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን የሞቱትን ልጆች ዕዳ ከእርሳቸው ትከሻ አላወረደውም።

በ1975 ሁለት ነገሮች ተከሠቱ። ጎረቤቲቱ ትንሽ መንግሥት ሲኪም ወደ ሕንድ ተጠቀለለች። በሕንድም ወይዘሮ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጀው ተቃዋሚዎቻቸውን አሰሩ፤ ከታሳሪዎቹ አንዱ የኮይራላ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ጃያፕራካሽ ናራያን ነበሩ። በሰው አገር ተቀምጦ በንጉሡ ላይ መዝመት ለሌላ ኀይል መሣሪያ መሆንን ሊያስከትል እንደሚችል ኮይራላ የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው። አገሪቱ ከጠፋች ንጉሥም ዲሞክራሲም አይኖርም፤ የንጉሡና የእነርሱ አንገት በአንድ ገመድ ታስሯል ወደሚል ውሳኔ ደረሱ። ይህንንም መንገዳቸውን ብሔራዊ ዕርቅ ብለው ሰየሙት።

ዕርቁ ደብዳቤ በመላክ የሚፈጸም አልነበረም። በካትማንዱ በሞት የሚያስቀጡ ክሶች ይጠብቋቸው ነበር። ጓደኞቻቸው መመለስ ራስን በገዛ እጅ ለገመድ መስጠት ነው ብለው ተከራከሩ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም። በዲሴምበር 30 ቀን 1976 ግን ኮይራላ ከጋኔሽ ማን ሲንግ ጋር በአይሮፕላን ካትማንዱ አረፉ። ከአይሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ተወሰዱ፤ ለጉዳያቸው ልዩ ችሎት ተቋቋመ። በ1960 ያለ ክስ የታሰሩት ሰው አሁን ክስ አገኙ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ በቁም ነገር ሲታይ ግን በሁለቱ እስራቶች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በመጀመሪያው መንግሥት ለማንም መልስ መስጠት አላስፈለገውም። በሁለተኛው ምስክር ማቅረብ፣ ማስረጃ ማሳየት፣ የተከሳሹንም መልስ መስማት ግድ ሆነበት።

በዚያ ጊዜ የጉሮሮ ካንሰር ይዟቸው ነበር። በ1977 ለሕክምና ወደ አሜሪካ እንዲሄዱ በንጉሥ ቢሬንድራ ተፈቀደላቸው። ማሄንድራ በ1972 ሞተው ዙፋኑን የያዙት ልጃቸው ቢሬንድራ ነበሩ። ብዙዎች ኮይራላ ይቀራሉ ብለው ጠረጠሩ። የሞት ክስ ያለበት፣ በሽታ ያደከመው፣ ዕድሜውም ስድሳን ያለፈ ሰው በኒው ዮርክ ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር? ኮይራላ ግን በኖቬምበር ተመልሰው እንደገና ታሰሩ። የመጀመሪያው መመለስ የፖለቲካ ስሌት ነው ቢባል እንኳ፣ ይህ ሁለተኛው በስሌት ብቻ የሚፈታ አይደለም። በ1978 መጀመሪያ ላይ ከአገር ክህደት ክሶች ከአምስቱ ነጻ ተባሉ።

በኤፕሪል 1979 የፓኪስታኑ መሪ ዙልፊካር አሊ ቡቶ መሰቀላቸውን በመቃወም የካትማንዱ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ሲደበድባቸው የሩቁ አገር ጉዳይ የገዛ አገራቸው ጉዳይ ሆነ፤ ሁከቱ በየከተማው ተዛመተ። በሜይ 24 ቀን ንጉሥ ቢሬንድራ በድንገት፣ የፓንቻያት ሥርዓት ተሻሽሎ ይቀጥል ወይስ የብዙ ፓርቲ ሥርዓት ይምጣ የሚለው በሕዝበ ውሳኔ እንዲወሰን አወጁ። ከኮይራላ ጋርም ተገናኙ። ኮይራላ ሕመማቸውን ችለው ለብዙ ፓርቲ ሥርዓት በየአውራጃው ዞረው ተናገሩ። ሕዝቡ ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ ድምፃቸውን ሊሰማ በገፍ ወጣ።

ድምፅ የተሰጠው በሜይ 2 ቀን 1980 ነበር። ፓንቻያት በመቶ 54.8፣ የብዙ ፓርቲ ሥርዓት በመቶ 45.2 አገኙ። የመንግሥቱ ሹማምንት፣ ፖሊሱና ግምጃ ቤቱ በአንድ ወገን በቆሙበት ምርጫ ውጤቱ ተጭበርብሯል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ከኮይራላ የቅርብ ጓዶች መካከልም ውጤቱን እንዳይቀበሉ የገፋፏቸው አልጠፉም። ኮይራላ ራሳቸው ውጤቱ ያልጠበቁትና ሊገልጹትም የማይችሉት መሆኑን አልደበቁም። ሆኖም የሕዝብ ፍርድ ብለው ተቀበሉት። ይህ ውሳኔያቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዱ ወገን የአገዛዙን ማጭበርበር ሕጋዊ ልብስ አለበሱት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሥርዓቱን ተቀብሎ የገባ ተከራካሪ ፍርዱ ባያምረውም ችሎቱን ጥሎ አይወጣም ይላል። በመቶ 45 የሚሆነው ሕዝብ ንጉሡ ባሉበት፣ በምሥጢር ሳይሆን በአደባባይ፣ ሥርዓቱን አልፈልግም ማለቱን ያስመዘገበው ይኸው ሕዝበ ውሳኔ መሆኑን ለሚያስተውል፣ ኮይራላ ሙሉ በሙሉ ተሸንፈው ነበር ለማለት ያስቸግራል። ሲያዩት ግን እንደ ተሸናፊ ነበር፤ ቀጥሎ ለመጣው ለ1981ዱ ምርጫም ፓርቲዎች በስማቸው እንዲቀርቡ ስላልተፈቀደ አልተሳተፉም።

በእነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ድምፃቸው በበሽታው እየደከመ ሄደ። እንግዶች በቤታቸው እየተሰበሰቡ ያነጋግሯቸው ነበር። የሕይወት ታሪካቸውንም ለወዳጃቸው እየተረኩ በቴፕ አስቀረጹ፤ ይህም ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ወጣ። በጁላይ 21 ቀን 1982 በካትማንዱ ዐረፉ። ስድሳ ስምንተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር። በታገደ ፓርቲ መሪ ቀብር ላይ የወጣው ሕዝብ እስከ ግማሽ ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል።

ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1990 የሕዝብ ዐመፅ ተነሥቶ ጋኔሽ ማን ሲንግ ከመሪዎቹ ዋናው ሆኑ፤ በኤፕሪል ወርም ንጉሥ ቢሬንድራ በፓርቲዎች ላይ የነበረውን እገዳ አነሡ። ጊዜያዊውን መንግሥት እንዲመሩ የተጠሩት፣ በዲሴምበር 1960 የተበተነው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩትና ከኮይራላ ጋር የታሰሩት ክሪሽና ፕራሳድ ባታራይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው ምርጫ ታናሽ ወንድማቸው ጊሪጃ ፕራሳድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኔፓል በ2008 ዘውዱን ሽራ ሪፑብሊክ ስትሆን፣ አንገታችን ከንጉሡ አንገት ጋር ታስሯል ያሉት ኮይራላ ከሞቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሊሆናቸው ነበር። የሱንዳሪጃሉ እስር ቤት በስማቸው ቤተ መዘክር ተደርጎ ለጎብኚ ተከፍቷል።